ለደመወዝተኛ የምትስማማው አውቶሞቢል የትኛዋ ናት?



በመምህራን ማረፊያ ክፍልም ሆነ በየመሥሪያ ቤቱ የሻይ ሰዓት ከሁሉ አብልጦ የሚነሣው ጨዋታ የትንንሽ አውቶሞቢሎች ነገር ሆኗል። እኔም ስለዚሁ ጉዳይ የማስበውን በጥቂቱ ለመግለጽ ስለምወድ በአንባቢያን ዓምድ ቦታ እንዲሰጡኝ በትሕትና እለምናለሁ።

ነገሩ ከኮልፌ ቀራንዮ ሲታይ እንዲህ ነው። ከአየር ጤና፤ ከቤቴል፤ ከዓለም ባንክና ከካራ ቆሬ በየማለዳው ወደ ሜክሲኮ፤ ወደ ካዛንችስና ወደ አራት ኪሎ የሚጓዘው ሠራተኛ እጅግ ብዙ ነው። በ2008 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው ቀላል ባቡር ከአያት ተነሥቶ ጦር ኃይሎች ላይ ይቆማል እንጂ ወደ እኛ ሰፈር አልዘለቀም። የፐብሊክ ሰርቪስ አውቶቡስ መቼም ትልቅ ውለታ ነው፤ ነገር ግን ሰዓቱ የተቈረጠ ስለሆነ ልጁን ትምህርት ቤት አድርሶ ለሚሄድ ወይም አምሽቶ ከሥራ ለሚወጣ አይመችም። ስለዚህ የራስን መኪና መመኘት ቅንጦት ነው ብዬ አልፈርድም። ጥያቄው የትኛዋን፤ በምንስ ገንዘብ የሚለው ነው።

በአባቶቻችን ዘመን መኪና ለመግዛት ዐቅሙ የነበረው ሠራተኛ ፎልስዋገን ወይም ፊያት 600 ይመርጥ ነበር። ፎልስዋገን ሞተሯ በአየር የሚቀዘቅዝ ስለ ነበረ ውሃ ፈላባት ተብላ ዳገት ላይ አትቆምም፤ ይህም ለአዲስ አበባ ትልቅ ነገር ነበር። በእኛ ጊዜ ቦታዋን የወረሰችው ቪትዝ ናት። መካኒኩ ሁሉ ያውቃታል፤ ዕቃዋም ሶማሌ ተራ አይታጣም። ዳሩ ግን በየመንገዱ ከምናያቸው ቪትዞች ብዙዎቹ ሃያ ዓመት ያለፋቸው ናቸው። በየካቲት 2012 ዓ.ም. የጸደቀው የኤክሳይዝ ታክስ ዐዋጅ በአሮጌ መኪናዎች ላይ እስከ 500 በመቶ የሚደርስ ታክስ ስለ ጣለ መተኪያቸው እንደ ልብ መግባቱን አቆመ። በጥር 2016 ዓ.ም. ደግሞ የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስቴር የኤሌክትሪክ ካልሆነ በቀር አውቶሞቢል ወደ አገር እንዳይገባ መከልከሉን አስታወቀ። ምክንያቱ የነዳጅ መግዣ የውጭ ምንዛሪ ማነስ ነበር። በዚያው ዓመት ሐምሌ ላይ ብር በገበያ ዋጋ እንዲመነዘር በመደረጉ የማናቸውም መኪና ዋጋ ወደ ላይ ወጣ። እዚህ ላይ አንዳንድ ሰዎች የሚሰጉትን ላስተካክል፤ ክልከላው በሚገቡት ላይ እንጂ አገር ውስጥ ባሉት ላይ አይደለም። ይህም በመሆኑ አሮጌዋ ቪትዝ ስታረጅ መርከስ ሲገባት ተወደደች፤ ዋጋዋም ሚሊዮን ብር ካለፈ ሰንብቷል።

እኔ በተማርሁበት የሚስዮን ትምህርት ቤት ወጪና ገቢ በሁለት ዓምድ ሳይጻፍ ስለ ገንዘብ መከራከር አይፈቀድም ነበርና ሒሳቡን እንጻፈው። ከአየር ጤና አራት ኪሎ ደርሶ መልስ 25 ኪሎ ሜትር እንበል። የቅዳሜ ጉዳይ ሲጨመር በወር 600 ኪሎ ሜትር ይሆናል። ያረጀች ቪትዝ በከተማ መጨናነቅ ለመቶ ኪሎ ሜትር 7 ሊትር ብትጠጣ በወር 42 ሊትር መሆኑ ነው። ቤንዚን በ2014 ዓ.ም. መጋቢትና ሚያዝያ ገደማ በሊትር ከ40 ብር በታች ነበር፤ በ2017 ዓ.ም. መቶ ብርን አለፈ፤ ከዚያም ወዲህ ጨምሯል። አሳንሰን መቶ ብር ብንይዘው እንኳ 4,200 ብር ይመጣል። በመስከረም 2018 ዓ.ም. በተደረገው የደመወዝ ማሻሻያ በመጀመሪያ ዲግሪ የሚቀጠር ሠራተኛ መነሻው 11,500 ብር ነው። ግብርና ጡረታ ሳይነሣለት ከሲሶው በላይ ለቤንዚን ሄደ ማለት ነው። ጎማ፤ ዘይትና ጥገና ገና አልተነሡም።

ትንሿ የኤሌክትሪክ መኪናስ? ለመቶ ኪሎ ሜትር 12 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ይበቃታል። ሲሞላ የሚባክነውን ጨምረን በወር 85 እንበል፤ የመብራት ታሪፍ ከመስከረም 2017 ጀምሮ ለአራት ዓመት በየሩብ ዓመቱ እንዲጨምር ስለ ተወሰነ አብዝተን አንዱን በ10 ብር እናስበው። ከ850 ብር አይበልጥም። የቁጠባው መጠን በወር 3,350 ብር፤ በዓመት 40,200 ብር ነው። ብዙ ሰው እዚህ ሲደርስ እርሳሱን አስቀምጦ ወደ ብድር ይሮጣል። ነገር ግን ዓምዱ አላለቀም። አዲስ የኤሌክትሪክ መኪና ዋጋዋ ከሁለት ሚሊዮን ብር በላይ ነውና ከቪትዝ ያላትን ልዩነት አንድ ሚሊዮን ብር ብንለው፤ በነዳጅ ቁጠባ ብቻ ልዩነቱን ለመመለስ ወደ 25 ዓመት ያስፈልጋል። የብድሩ ወለድ ሲታከልበት ከዚያም ይረዝማል። ይህች መኪና ቀኑን ሙሉ ሰው ለሚያመላልስ አሽከርካሪ ቶሎ ትከፍላለች፤ ጠዋት ሄዳ ማታ ለምትመለስ ደመወዝተኛ ግን አትከፍልም።

ይህን ስል የኤሌክትሪክ መኪና መጥፎ ናት ማለቴ አይደለም። በአዲስ አበባ ከፍታ አየሩ ስስ ስለሆነ የቤንዚን ሞተር አንድ አምስተኛ ያህል ጉልበቱን ያጣል፤ አራት ሰው የጫነች ቪትዝ ዳገት ላይ ስታቃስት የሰማ ያውቀዋል። የኤሌክትሪክ ሞተር አየር አይሻም፤ ቁልቁለት ስትወርድም ባትሪዋን መልሳ ትሞላለች። ባትሪዋ ከወለሉ በታች ስለሆነ ግን የቀራንዮን ውስጥ ለውስጥ ጉድጓድ አትወድም፤ መለዋወጫዋም ገና በሶማሌ ተራ አልተደረደረም።

ከዋጋው ቀጥሎ የሚመጣው ትልቁ ነገር የት ትሞላለች የሚለው ነው፤ ስለዚህ የሚጠይቅ ገዢ እጅግም አላየሁም። የራሱ ግቢና ቆጣሪ ላለው ችግር የለም። በሚኪሊላንድ ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ የሚኖር ሰው ግን ምን ያድርግ? ማራዘሚያ ገመድ በመስኮት ቢያወርድ ዝናብና የሕፃናት እጅ አለ። በኖርዌይ ዛሬ ከሚሸጡት አዲስ መኪናዎች ከአሥሩ ከዘጠኝ በላይ የሚሆኑት የኤሌክትሪክ ናቸው፤ በዚያ አገር በጋራ ሕንፃ የሚኖር ሰው በማቆሚያው የመሙያ መስመር የማስገባት መብት በሕግ ተሰጥቶታል። በእኛም ዘንድ የሕዳሴው ግድብ በጳጉሜን 2017 ዓ.ም. ተመርቋል፤ ኃይሉ ግን እስከ መኪናው ማቆሚያ ድረስ መምጣት አለበት።

በበኩሌ የማቀርበው ሐሳብ ይህ ነው። የሠራተኛ መኪና ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ተኩል እስከ ማታ አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል በመሥሪያ ቤት ግቢ ሥራ ፈታ ትቆማለች። ተራ ሶኬት 2 ኪሎዋት ቢሰጥ የዕለቱን 25 ኪሎ ሜትር ለመሙላት ሁለት ሰዓት አይፈጅም። ብዙ ገንዘብ የሚፈልገው ፈጣን ቻርጀር ለዚህ አያስፈልግም። የሚያስፈልገው በባለሙያ የተዘረጋ መስመር፤ ቆጣሪና ትንሽ መጠለያ ነው፤ የፈጀውንም ኃይል ተጠቃሚው እንደ ሻይ ክበብ ሒሳብ በየወሩ ይክፈል። መሥሪያ ቤቶችና ትምህርት ቤቶች ይህን ቢያስቡበት መልካም ይመስለኛል።

በእግሩ የሚመጣው ሠራተኛ እያለ ባለመኪናው ለምን ይደገፋል የሚል ይኖራል፤ ትክክልም ነው። ስለዚህ ሶኬቱ በቅድሚያ ከሰፈሩ ሦስት ባልደረቦቹን ይዞ ለሚመጣ ይሰጥ። ቪትዝ ያለውም ቢሆን አራት ሆኖ ቢሄድ የወሩ ቤንዚን ለእያንዳንዱ 1,050 ብር ነውና የኤሌክትሪኩ ዋጋ እስኪበርድ ድረስ መኪናውን ለመለወጥ ባይቸኩል ይሻለዋል። ምንም የሌለው ደግሞ ቀብድ ከመክፈሉ በፊት የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ጠርቶ ማደሪያዋን ያስመርምር።

ከአክብሮት ጋር፤
አንድ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መምህር
ከኮልፌ ቀራንዮ፤ አዲስ አበባ