ራዳር ይገዛል፤ የአየር ትንበያ ባለሙያ ግን በዓመታት ይታነጻል

እ.ኤ.አ. በጁን 2025 በተከናወነው የ1446 ሂጅራ ሐጅ፣ የሳዑዲ ዐረቢያ ባለሥልጣናት ሑጃጆች በዐረፋ ዕለት ከረፋዱ 4 ሰዓት እስከ ቀኑ 10 ሰዓት ከድንኳናቸው እንዳይወጡ አሳስበው ነበር። መመሪያው በአንድ ዐረፍተ ነገር የሚያልቅ ነው። ከጀርባው ግን መለኪያ ጣቢያዎች የመዘገቡት ቁጥርና ኮምፒውተር ያሰላው ሙቀት አለ፤ ከዚያም በላይ ይህን ሁሉ መርምሮ «ይህ ሰዓት ለሰው ሕይወት ያሰጋል» የሚል ብያኔ የሚሰጥ ባለሙያ አለ። የባሕረ ሰላጤው አገሮች ራዳሮችን፣ የሳተላይት መቀበያዎችንና ግዙፍ ኮምፒውተሮችን በገንዘባቸው አሟልተዋል። ከአሥር ዓመት በኋላ በዚያ ባለሙያ ወንበር የሚቀመጠው ወጣት ግን በገንዘብ ብቻ የሚገኝ አይደለም፤ ዛሬ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የሒሳብና የፊዚክስ ደብተሩን ይዞ የተቀመጠ ተማሪ ነው።

የጉዳዩ ክብደት በ1445 ሂጅራ (እ.ኤ.አ. 2024) ሐጅ ታይቷል። በዚያ ወቅት በመካ ታላቁ መስጂድ 51.8 ዲግሪ ሴልሺየስ ሙቀት ተመዝግቧል። የሳዑዲ መንግሥት 1,301 ሰዎች መሞታቸውን ይፋ ያደረገ ሲሆን፣ ከእነዚህም 83 በመቶ የሚሆኑት ያለ ፈቃድ የመጡና መጠለያ ሳይኖራቸው በፀሐይ ረዥም መንገድ የተጓዙ እንደነበሩ ገልጿል። ትክክለኛ ትንበያ ብቻውን ሕይወት እንደማያድን፣ ማስጠንቀቂያው ከድንኳን ውጭ ላለው ሰው ጭምር በሚገባው ቋንቋና በሚፈጽመው መልክ መድረስ እንዳለበት ይህ አሐዝ ያስረዳል። የሙያው አዲስ ኃላፊነትም ከዚህ ይጀምራል።

ሐጅ ወቅቱን ሲቀይር

የሂጅራ ዓመት ከፀሐይ አቆጣጠር በ11 ቀናት ገደማ ስለሚያጥር ሐጅ በየዓመቱ ወደ ፊት እየቀደመ ይመጣል። የ2025ቱ ሐጅ በጁን ወር መጀመሪያ ላይ የዋለ ነበር። በሚቀጥሉት ጥቂት ዓመታት ወደ ሜይና ኤፕሪል፣ ከ2034 ገደማ ጀምሮ ደግሞ በዐረቢያ ምድር ብርዳማ ወደሆኑት ወራት ይገባል። ወደ ከባዱ የሙቀት ወቅት የሚመለሰው በ2050 አካባቢ ነው።

ይህ ለሑጃጆች እፎይታ ይመስላል፤ በእርግጥም በከፊል እፎይታ ነው። ይሁን እንጂ በምዕራባዊ ሳዑዲ ዐረቢያ ከኖቬምበር አንስቶ ያሉት ወራት የነጎድጓድ ዝናብና የደራሽ ጎርፍ ወራት ናቸው። እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 25 ቀን 2009 በጅዳ ከተማ በጥቂት ሰዓታት ውስጥ የወረደው ዝናብ ከ100 በላይ ሰዎችን ሕይወት ቀጥፏል። ዕለቱ ዙልሒጃ 8 ቀን 1430፣ ሑጃጆች ወደ ሚና የሚያቀኑበት የተርዊያ ቀን ነበር።

ሙቀትና ደራሽ ጎርፍ ለተንባዩ የተለያዩ ፈተናዎች ናቸው። የሙቀት ማዕበል ከቀናት በፊት ይታያል፤ ሰፊ አካባቢንም ይሸፍናል። የነጎድጓድ ደመና ግን በአንድ ሸለቆ ላይ በሰዓታት ውስጥ ተገንብቶ ሊፈርስ ይችላል፤ ባለሙያው ራዳሩን በየደቂቃው እየተከታተለ መወሰን አለበት። ዛሬ ዩኒቨርሲቲ የሚገባ ተማሪ እ.ኤ.አ. በ2030 ገደማ ይመረቃል፤ ጥቂት ዓመታት ልምድ ሲያካብት ሐጅ በብርዳማዎቹ ወራት ደጃፍ ላይ ይደርሳል። የዛሬ ተማሪዎች ቁጥርና ጥራት በቀጥታ የዚያን ጊዜ ሑጃጆች ደኅንነት ጉዳይ የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

የሙያው በር

የዓለም ሚቲዎሮሎጂ ድርጅት ለሙያው ዝቅተኛ የትምህርት መስፈርት አውጥቷል። ሚቲዎሮሎጂስት ለመሆን በዩኒቨርሲቲ ደረጃ ሒሳብና ፊዚክስ፣ የከባቢ አየር እንቅስቃሴ፣ የደመናና የዝናብ አፈጣጠር፣ የአየር ካርታ ንባብና የአየር ንብረት ጥናት መማር ያስፈልጋል። ከዚህ ጎን ለጎን መለኪያዎችን ለሚያስነብቡና ለሚጠብቁ ቴክኒሻኖች አጠር ያለ የሥልጠና መንገድ አለ። ለአውሮፕላን በረራ ትንበያ የሚሰጥ ሰው ደግሞ ከዲግሪው በላይ ብቃቱን በሥራ ላይ ማስመስከር ይጠበቅበታል።

በቀጣናው ይህን ትምህርት የሚሰጡ ተቋማት አዲስ አይደሉም። በጅዳ የሚገኘው የንጉሥ ዐብዱልዐዚዝ ዩኒቨርሲቲ ለአሥርተ ዓመታት በሚቲዎሮሎጂ ሲያስተምር ቆይቷል። በግብፅ የካይሮ ዩኒቨርሲቲም ሆነ የአል-አዝሀር ዩኒቨርሲቲ በሳይንስ ፋኩልቲያቸው ሥር ሥነ ፈለክንና ሚቲዎሮሎጂን ያጣመረ ክፍል አላቸው። በኢትዮጵያ ደግሞ የአርባ ምንጭ ዩኒቨርሲቲ በዘርፉ ባለሙያዎችን በማፍራት ይታወቃል።

ሥራው ግን ምቹ የቢሮ ሥራ አይደለም። የትንበያ ክፍል ሌሊትና በዓል አያውቅም። በዓለም ዙሪያ መለኪያ የተሸከሙ ፊኛዎች በተመሳሳይ ጊዜ ወደ ሰማይ የሚለቀቁት በቀን ሁለት ጊዜ ሲሆን፣ በሳዑዲ ዐረቢያም በኢትዮጵያም ሰዓቱ ከሌሊቱ 9 እና ከቀኑ 9 ሰዓት አካባቢ ነው። በፈጅር ዋዜማ ፊኛ የሚለቅ ቴክኒሻን የሚያገኘው መረጃ ከሰዓታት በኋላ በሌላ አህጉር ያለ ኮምፒውተር ለሚያሰላው ትንበያ ግብዓት ይሆናል።

ተማሪው ለምን ያመነታል?

የወጣቶቹ ማመንታት መሠረት የለውም ማለት አይቻልም። በአብዛኞቹ የቀጣናው አገሮች የዘርፉ ዋነኛ ቀጣሪ መንግሥት ነው፤ ብሔራዊው ማዕከል በዚያ ዓመት ቅጥር ካላወጣ ተመራቂው ሌላ በር ለማንኳኳት ይገደዳል። ወላጆችም ሕክምናና ምሕንድስና የሚሉትን ስሞች ያውቃሉ፤ «ሚቲዎሮሎጂ» ሲባል በብዙዎች አእምሮ የሚመጣው በቴሌቪዥን ካርታ ፊት የሚቆም ሰው ነው።

በዚህ ላይ የሰው ሠራሽ አስተውሎት ስጋት ተጨምሯል። እ.ኤ.አ. በ2023 ሁዋዌና ጉግል ያቀረቧቸው ሥርዓቶች በግዙፍ ኮምፒውተር ሰዓታት ይወስድ የነበረውን ስሌት በደቂቃዎች ማከናወን ችለዋል። የአውሮፓ የመካከለኛ ጊዜ ትንበያ ማዕከልም በፌብሩዋሪ 2025 የራሱን ተመሳሳይ ሥርዓት መደበኛ ሥራ ላይ አውሏል። «ታዲያ ተንባይ ምን ያደርጋል?» የሚለው ጥያቄ ተገቢ ነው።

መልሱን ከተባበሩት ዐረብ ኤምሬቶች ልምድ ማግኘት ይቻላል። ኤፕሪል 16 ቀን 2024 በአል-ዐይን አካባቢ በኸትም አሽ-ሸክላ ከ24 ሰዓት ባነሰ ጊዜ 254.8 ሚሊ ሜትር ዝናብ ወርዷል፤ ይህም ምዝገባ ከተጀመረበት ከ1949 ወዲህ ከፍተኛው ነው። ካለፈው ዘመን መረጃ የተማረ ሥርዓት፣ ባለፈው ዘመን ታይቶ የማያውቅ ክስተት ሲገጥመው መጠኑን አሳንሶ የመገመት ዝንባሌ አለው። በዚያ ሳምንት ማስጠንቀቂያ ማውጣት፣ ትምህርት በርቀት እንዲሰጥ መወሰን፣ በኋላም ጎርፉን ያመጣው ደመና ማበልጸግ ነው የሚለውን በዓለም የተናኘ ወሬ በማስረጃ ማስተባበል የሰዎች ሥራ ነበር። የአገሪቱ ብሔራዊ የሚቲዎሮሎጂ ማዕከል በዚያ ማዕበል ወቅት የደመና ማበልጸግ በረራ አለመደረጉን አስታውቋል። የማዕከሉ ኃላፊ ዐብዱላህ አል-መንዱስ ከ2023 ጀምሮ የዓለም ሚቲዎሮሎጂ ድርጅት ፕሬዚዳንት መሆናቸውም ቀጣናው በዘርፉ ያገኘውን ስፍራ ያሳያል።

እንግዲህ ማሽኑ የሚቀንሰው የስሌቱን ድካም እንጂ የኃላፊነቱን ሸክም አይደለም። የሥራ በሩም ከመንግሥት ማዕከል ውጭ እየሰፋ ነው፦ አየር መንገዶች፣ ወደቦች፣ አቧራና ደመና ምርቱን የሚቀንሱበት የፀሐይ ኃይል ዘርፍ፣ የኢንሹራንስ ኩባንያዎች የአየር ሁኔታን የሚተረጉም ባለሙያ ይፈልጋሉ። ከሚቲዎሮሎጂው ጋር የኮምፒውተር ፕሮግራም መጻፍ የሚችል ተመራቂ የተሻለ ዕድል ይኖረዋል።

ገይብና ሰበብ

በሙስሊም ቤተሰቦች ዘንድ ከሥራ ዕድሉ በፊት የሚነሳ ሌላ ጥያቄም አለ፦ ዝናብ መቼ እንደሚወርድ የሚያውቀው አላህ (ሱ.ወ.) ብቻ ሆኖ ሳለ፣ «ነገ ይዘንባል» ብሎ መናገር በገይብ ውስጥ መግባት አይሆንምን? ጥያቄው ከቅን እምነት የሚመነጭ በመሆኑ ችላ ሊባል አይገባም። ዑለማዎች ግን መልሰውታል። ከነሱም አንዱ ሸይኽ ሙሐመድ ኢብን ሷሊሕ አል-ዑሠይሚን እንዳብራሩት፣ የአየር ትንበያ በስሜት ሕዋሳትና በመሣሪያ በሚደረስባቸው የከባቢ አየር ምልክቶች ላይ የቆመ በመሆኑ ገይብን ማወቅ ተብሎ አይቆጠርም። በኮከብ ከሚጠነቁለው ሰው የሚለየውም በዚህ ነው፦ ተንባዩ የሚታይ ሰበብ ይመረምራል፣ የዕድሉን መጠን ይናገራል፣ ሊሳሳት እንደሚችልም አስቀድሞ ያምናል።

ታሪክም ይህንኑ ይመሰክራል። ዐረቦች ስለ ነፋስና ዝናብ ወቅቶች «አንዋእ» በሚል ርዕስ መጻሕፍት ጽፈዋል። በ15ኛው ክፍለ ዘመን የኖረው የባሕር መሪ አሕመድ ኢብን ማጂድ የሕንድ ውቅያኖስን ነፋሳት ለመርከበኞች በዝርዝር አስተምሯል። ዓለም ዛሬ «ሞንሱን» የሚለው ቃል የተገኘው «መውሲም» ከሚለው የዐረብኛ ቃል ነው። በሳዑዲ ዐረቢያ የኢስቲስቃእ ሶላት ጥሪ በሚተላለፍባቸው ቀናት የራዳር ክትትሉ አይቋረጥም፤ ዱዓውና ሰበብ ማድረሱ ጎን ለጎን ይሄዳሉ።

የቀይ ባሕር ሁለቱ ዳርቻዎች

ጉዳዩ በቀጣናው ለሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ድርብ ትርጉም አለው። እ.ኤ.አ. በ2018 መኩኑና ሉባን የተባሉ ሁለት አውሎ ነፋሶች በሩብዕ አል-ኻሊ በረሃ ላይ ዝናብ አፈሰሱ። ማንም ባላየው በዚያ ስፍራ የተራባው የበረሃ አንበጣ በየመን በኩል አልፎ በ2019 ኢትዮጵያና ሶማሊያ ገባ፤ በሁለቱ አገሮች በ25 ዓመታት ውስጥ የከፋው ወረራም ሆነ። ወረራው ገና ሳይጠፋ፣ ከ2020 መጨረሻ አንስቶ አምስት የዝናብ ወቅቶች በተከታታይ ከሽፈው የሶማሌና የቦረና አርብቶ አደሮች ከብቶቻቸውን አጡ። በዐረቢያ ሰማይ የሚሆነውና በአፍሪካ ቀንድ የሚደርሰው እንዲህ የተሳሰረ ነው፤ የሁለቱን ዳርቻ ቋንቋና መልክዓ ምድር የሚያውቅ ባለሙያ ግን ጥቂት ነው።

በባሕረ ሰላጤው ከተሞች አማርኛን በቤት፣ ዐረብኛን በጎረቤት፣ እንግሊዝኛን በትምህርት ቤት የሚማሩ ልጆች እያደጉ ነው። የኢትዮጵያ ሙስሊሞች ለብዙ ዘመን ልጆቻቸውን ወደ ካይሮና መዲና የላኩት በዋናነት ለሸሪዓ ዕውቀት ነው፤ ይህም ታላቅ ክብር ነው። ለውጭ ተማሪዎች የነጻ ትምህርት ዕድል የሚሰጡት የቀጣናው ዩኒቨርሲቲዎች የሳይንስ በሮችም እንዳሏቸው ማወቅ ግን ለወላጆች ጠቃሚ ነው።

ከተቋማቱ የሚጠበቀውም ግልጽ ነው። ብሔራዊ ማዕከላት የቅጥር ዕቅዳቸውን ለብዙ ዓመታት አስቀድመው ቢያሳውቁ ተማሪው በልበ ሙሉነት ይመርጣል። የተመራቂው የመጀመሪያ ዓመታት በልምድ ባለሙያ ሥር በትንበያ ክፍል ቢያልፉ ዲግሪው ወደ ብቃት ይቀየራል። ማስጠንቀቂያዎች በአማርኛና በሌሎች የሠራተኛውና የሑጃጁ ቋንቋዎች እንዲወጡ ሲደረግ ደግሞ፣ እነዚህን ቋንቋዎች የሚናገር ወጣት ተመራቂ የሥራ ቦታ ያገኛል፤ በሕንጻ ግንባታ ላይ ያለው ሠራተኛና በሚና ሜዳ ያለችው እናትም ማስጠንቀቂያውን በጊዜ ይሰማሉ።