መንገዱ በአንዱ መሬት፣ ገቢው በሌላው ኪስ

ሱሉልታ ወይም ሰንዳፋ አካባቢ ቦታ የሚያሻሽጥ ደላላ ገዢውን ይዞ ሲወጣ ከካርታው ቀጥሎ የሚያወራለት ስለ አጥሩ ነው። «ዙሪያው በብሎኬት ታጥሯል፤ ሰው ዝር አይልበትም» ይላል። ገዢውም ይህን ሲሰማ ልቡ ይረጋጋል። ያልታጠረ ቦታ የጠብ ምንጭ ነውና። ከብት ይገባበታል፣ አቋራጭ ይወጣበታል፣ ውሎ ሲያድር ደግሞ «ድሮም መንገዳችን ነበር» የሚል ጎረቤት ይነሳል። በመሆኑም በአዲስ አበባ ዙሪያ ባለው የቦታ ገበያ አጥር ራሱን የቻለ ዋጋ አለው።

ይህ አስተሳሰብ ስህተት ነው ማለት አይቻልም። መሬት የመንግሥትና የሕዝብ በሆነበት፣ ግለሰቡም በእጁ የያዘው የይዞታ መብት ብቻ በሆነበት አገር፣ ባለ ይዞታው ድንበሩን አጥብቆ ቢይዝ አይፈረድበትም። ሆኖም አጥር ወጪ ነው። ወጪውም የብሎኬቱና የሲሚንቶው ብቻ አይደለም፤ አጥሩ የሚያስቀረው ገቢም አለ። ይህ ገቢ ምን ሊመስል እንደሚችል፣ በተለይም ማን ኪስ እንደሚገባ ለመረዳት በሰሜን ምሥራቅ አሜሪካ የምትገኝ አንዲት የገጠር መንደር ጥሩ ማስረጃ ትሆናለች።

መንደሯ ኢስት በርክ ትባላለች። በቬርሞንት ግዛት፣ ለካናዳ ድንበር በሚቀርብ ኮረብታማ አካባቢ የምትገኝ ስትሆን፣ መንደሯን የሚያቅፈው የበርክ ከተማ አስተዳደር ጠቅላላ ሕዝብ 2 ሺህ እንኳ አይሞላም። እ.ኤ.አ. በ1994 የአካባቢው ሰዎች «ኪንግደም ትሬይልስ» የተባለ ለትርፍ ያልቆመ ማኅበር አቋቋሙ። ማኅበሩ መሬት አልገዛም። ይልቁንም ባለ መሬቶችን ፈቃድ እየጠየቀ በደኑና በግጦሹ መካከል ለእግረኛ፣ ለተራራ ብስክሌት፣ በበረዶው ወራት ደግሞ ለሸርተቴ የሚሆን ቀጭን መንገድ መዘርጋት ያዘ። የአንዱ ፈቃድ የሌላውን እየጎተተ ሄዶ መንገዱ ከ160 ኪሎ ሜትር በላይ ደረሰ፤ የሚያልፍባቸው መሬቶች ባለቤቶችም ወደ 100 የሚጠጉ ሆኑ።

ገበያው ተከተለ። ማኅበሩ በተቋቋመ በ25 ዓመቱ በዓመት ከ100 ሺህ በላይ ጉብኝት ይመዘገብ ነበር። ብዙዎቹ መጪዎች ከኩቤክ ድንበር ተሻግረው የሚመጡ ካናዳውያን ናቸው። ብስክሌት የሚያከራየው፣ የሚጠግነው፣ ምግብና ቢራ የሚሸጠው፣ አልጋ የሚያከራየው ሁሉ ሥራ አገኘ። አንድ ፋብሪካ ሳይተከል፣ አንድ ሄክታር ሳይሸጥ የመንደሯ ገበያ ደራ።

ታዲያ ባለ መሬቱስ? ጎብኚው የመንገዱን መጠቀሚያ ትኬት የሚቆርጠው ከማኅበሩ ነው። ገንዘቡም ለመንገዱ ጥገናና ለማኅበሩ ሥራ ይውላል። መሬቱን የሰጠው ገበሬ ወይም ጡረተኛ ግን ኪራይ አይከፈለውም። በዚህ ላይ በየቀኑ በበሩ የሚያልፈውን ብስክሌተኛ፣ በመንገድ ዳር የሚቆመውን መኪና፣ የሚደነብረውን ፈረሱን የሚችለው እሱ ነው። የኢኮኖሚክስ ተማሪ በመጀመሪያው ዓመት «ውጫዊ ጉዳት» እያለ የሚያጠናው ጣጣ ማለት ይኸው ነው። ገቢው የሆቴሉ፣ ጣጣው የባለ መሬቱ።

ባለ መሬቱ ክፍያ የማይጠይቅበት ምክንያት ቸርነት ብቻ አይደለም፤ ሕጉም አለበት። እ.ኤ.አ. በ1965 የአሜሪካ ክፍላተ ግዛት ምክር ቤት አንድ የሕግ ሞዴል አቅርቦ ነበር። በዚያ መንፈስ የተቀረጹ ሕጎች ዛሬ በ50ዎቹም ግዛቶች አሉ። ፍሬ ነገራቸው ይህ ነው። አንድ ባለ መሬት ሕዝቡ እንዲንሸራሸር መሬቱን ያለ ክፍያ ከከፈተ፣ የገባው ሰው ወድቆ እግሩን ቢሰብር ባለ መሬቱ በቀላሉ አይከሰስም። በነፍስ ወከፍ ማስከፈል ከጀመረ ግን ይህን ከለላ ሊያጣ ይችላል። በጠበቃና በካሣ ክስ በታወቀው በዚያ አገር ይህ ከለላ ከማንኛውም ኪራይ ይበልጣል። ስለዚህ ባለ መሬቱ ዝም ብሎ በነፃ ይሰጣል።

በነፃ የተሰጠ ነገር ደግሞ በፈለጉ ጊዜ ይነሳል። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2019 ዳርሊንግ ሂል በተባለው ኮረብታ ላይ ሰፊ መሬት ያላቸው ሦስት ባለ ይዞታዎች ከእንግዲህ ብስክሌት በመሬታቸው እንዳያልፍ አገዱ። ሦስት ሰዎች ብቻ ናቸው። ነገር ግን ኮረብታው ከመረቡ ዋና ዋና መንገዶች የተዘረጉበት ስለነበር መንገዱ ተቆራረጠ፤ ማኅበሩም አቅጣጫ መቀየር ግድ ሆነበት። በባንክ ብድር አልጋ የጨመረው፣ ብስክሌት የደረደረው ነጋዴ ያን ክረምት እንዴት አድርጎ እንዳደረ መገመት አያስቸግርም። ንብረቱን የመሠረተው በራሱ መሬት ላይ ነው፤ ገበያው ግን ቆሞ የነበረው ውል በሌለው የሌላ ሰው ፈቃድ ላይ ነበር።

ስለ ኢስት በርክ የሚጻፈው አብዛኛውን ጊዜ ስለ ብስክሌተኞች ሥነ ምግባር ነው። ባለጌ ብስክሌተኛ መኖሩ አይካድም። ግን ነገሩን በሥነ ምግባር መዝጋት የሒሳቡን ጥያቄ መሸሽ ይሆናል። ለ25 ዓመታት የአንድ ከተማ ገበያ የሌሎችን ንብረት እንደ ጥሬ ዕቃ ሲጠቀም የጥሬ ዕቃው ዋጋ በማንም የሒሳብ መዝገብ ላይ አልተጻፈም። የመኪና ማቆሚያ የሚሠራበት፣ ጠባቂ የሚቀጠርበት፣ የባለ መሬቱ የፈረስ በረት ከመንገዱ የሚለይበት አጥር የሚተከልበት ገንዘብ ከሆቴሎቹ ገቢ ትንሽ ትንሽ ቢዋጣ፣ ለባለ መሬቱ በነፍስ ወከፍ ሳይከፈለው ጣጣው በቀለለለት ነበር። የተዘጋ መንገድ ከዚህ መዋጮ በብዙ እጥፍ ይወደዳል።

ሌላም ስጋት አለ። ባለ መሬት የሚፈራው ወድቆ የሚከሰውን ሰው ብቻ አይደለም፤ «ዛሬ ብፈቅድ ነገ መብት ይሆንብኛል» ብሎም ይፈራል። ይህ ፍርሃት መሠረት አለው። በእንግሊዝ እ.ኤ.አ. በ1980 የወጣው የመንገዶች ሕግ፣ ሕዝብ ለ20 ዓመታት ሳይቋረጥና ሳይከለከል እንደ መብት የተመላለሰበት መሬት የሕዝብ መንገድ ሆኖ ሊቆጠር እንደሚችል ይደነግጋል። ያው ሕግ መፍትሔም አለው። ባለ መሬቱ መንገዱን ለሕዝብ የመስጠት ሐሳብ እንደሌለው ለአካባቢው ምክር ቤት በጽሑፍ አስታውቆ ማስመዝገብ ይችላል። «በባለ ይዞታው ፈቃድ ብቻ» የሚል ሰሌዳ የተሰቀለባቸው የእግር መንገዶች በእንግሊዝ ገጠር የሚታዩትም በዚህ ምክንያት ነው። በኒውዮርክ ከተማ መሐል ያለው የሮክፌለር ፕላዛ ጎዳና ደግሞ የግል መንገድ ነው። ዓመቱን ሙሉ ሕዝብ ይርመሰመስበታል፤ በዓመት አንድ ቀን ግን ይዘጋል። በዚያች አንዲት ቀን ባለቤቱ ባለቤትነቱን ያስታውቃል፤ በቀሩት 364 ቀናት የሱቅ ኪራዩን ይሰበስባል። ነጋዴ ማለት እንዲህ ነው!

መንገድ የአካባቢውን ዋጋ ከፍ ማድረጉ አጠያያቂ አይደለም። በቺካጎ «ዘ 606» የተባለው በአሮጌ የባቡር ሐዲድ ላይ የተሠራ መንሸራሸሪያ እ.ኤ.አ. በ2015 ተከፈተ። የዲፖል ዩኒቨርሲቲ የቤቶች ጥናት ተቋም በማግሥቱ ዓመት ባወጣው ጥናት፣ ግንባታው ከተጀመረበት ከ2013 ወዲህ በመንገዱ ምዕራባዊ ክፍል ዙሪያ የቤት ዋጋ በ48 ከመቶ ገደማ ጨምሮ ነበር። ለባለ ቤቱ ሠርግ ነው፤ ለተከራዩ ግን ኪራይ ነው የጨመረበት። ያም ሆነ ይህ ገበያው መንገዱን ዋጋ ሰጥቶታል።

ወደ ሱሉልታ እንመለስ ቢባል፣ እዚያ ያለው ገበያ ከኢስት በርክ የሚለየው በብስክሌት ፈንታ በሩጫ ላይ የቆመ በመሆኑ ነው። ቀነኒሳ በቀለ የመሮጫ ትራኩንና ሆቴሉን የሠራው እዚያ ነው። ኃይሌ ገብረ ሥላሴ የተሳተፈበት ያያ ቪሌጅም እዚያው ይገኛል። እንግሊዛዊውን ሞ ፋራህን ጨምሮ የውጭ አገር ሯጮች ዶላር ይዘው መጥተው ያረፉበት፣ የተለማመዱበት ከፍታ ነው። ይሁንና ሯጩ ሆቴሉ ውስጥ ይተኛል እንጂ ረዥሙን ሩጫ የሚሮጠው ሆቴሉ ውስጥ አይደለም። ጠዋት በማለዳ የሚወጣው ወደ ሜዳው፣ ወደ ግጦሹና አጨዳው ወዳለቀበት ማሳ ነው፤ ካልሆነም ወደ እንጦጦ ደን። እንጦጦ ፓርክ በ2013 ዓ.ም. ከተከፈተ ወዲህ፣ በአዲስ አበባም የኮሪደር ልማቱ ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ የእግረኛና የብስክሌት መስመር ካስገባ በኋላ፣ መንግሥት በራሱ መሬት ላይ መንገድ መሥራት እንደሚችል ታይቷል። የሱሉልታ ሜዳ ግን በብዙ ባለ ይዞታዎች እጅ የተከፋፈለ ነው። አካባቢው በ2015 ዓ.ም. በተመሠረተው ሸገር ከተማ ውስጥ ከገባ በኋላ ደግሞ መጋዘኑም ሪል እስቴቱም እየተጠጋው ነው። አንድ ባለሀብት አጥሩን በዘረጋ ቁጥር የሆቴሎቹ ዕቃ፣ ማለትም ሜዳው፣ በዚያው ልክ ይጠባል። ይህን ኪሣራ የሚመዘግብ የሒሳብ ሠራተኛ የለም።

ሒሳቡን በምሳሌ ማየት ይቻላል። ሁለት ሄክታር ይዞታ ያለው ሰው በአንዱ ጠርዝ 3 ሜትር ስፋትና 200 ሜትር ርዝመት ያለው መተላለፊያ ከአጥሩ ውጪ ቢተው የተወው 600 ካሬ ሜትር ነው፤ ከጠቅላላው 3 ከመቶ። ይህን ጠርዝ ብዙውን ጊዜ ለምንም አይጠቀምበትም፤ የሊዝ ክፍያውን ግን ይከፍልበታል። አሥር ባለ ይዞታዎች ተያይዘው እንዲህ ቢያደርጉ ሁለት ኪሎ ሜትር የሚሆን መንገድ ተገኘ ማለት ነው። የእነዚያን 600 ካሬ ሜትሮች የሊዝ ክፍያ በጠርዙ የሚጠቀሙት ሆቴሎች ቢሸፍኑ ባለ ይዞታው አልተጎዳም፤ ሆቴሎቹም ለእንግዳቸው የሚሸጡት ነገር አላጡም።

የሚያስፈራው የመንገዱ ነገ ነው። የሱሉልታው ባለ ይዞታ «የተውኩት ጠርዝ በሚቀጥለው የፕላን ክለሳ የሕዝብ መንገድ ተብሎ ቢሠመርስ?» ብሎ ቢሰጋ እንደ እንግሊዙ ባለ መሬት የሚያስመዘግበው ወረቀት ያስፈልገዋል። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ከቁጥር 1359 ጀምሮ አንዱ መሬት ለሌላው መሬት ስለሚሰጠው የንብረት አገልግሎት ይናገራል። ነገር ግን ሕጉ የተጻፈው መሬት የግል ሀብት በነበረበት ዘመን ነው፤ የከተማ ቦታ በአዋጅ ቁጥር 47/1967 የመንግሥት ከሆነ በኋላ የሊዝ ባለ መብት በዚህ ድንጋጌ ምን ያህል ሊጠቀም እንደሚችል ለጠበቆች ክርክር የሚሆን ጉዳይ ነው። ለነጋዴ የሚሻለው አጭር ውል ነው። አምስት ዓመት፣ የሚታደስ፣ ጠርዙ በፈቃድ እንጂ በመብት እንዳልተሰጠ በግልጽ የሚናገር፣ ግልባጩም ለከተማው አስተዳደር የሚገባ። አስተዳደሩ በበኩሉ ጠርዙን የተወ ባለ ይዞታ «ቦታውን አላለማም» ተብሎ እንዳይወቀስ በአንዲት ደብዳቤ ቢያረጋግጥለት ከአሥር ሴሚናር ይበልጣል።

ጉዳት ቢደርስስ? በዚህ ረገድ ሕጋችን ለባለ ይዞታው አይራራም። በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 2077 መሠረት የሕንፃ ባለቤት ሕንፃው ለሚያደርሰው ጉዳት ጥፋት ባይኖርበትም ይጠየቃል፤ በቁጥር 2071 ደግሞ የእንስሳ ባለቤት እንስሳው ላደረሰው ጉዳት ኃላፊ ነው። የተነደለ የብሎኬት አጥር በሯጭ ላይ ቢወድቅ ከፋዩ ይታወቃል ማለት ነው። ስለዚህ መተላለፊያውን የሚጠቀሙት ሆቴሎች በጋራ የመድን ሽፋን ገዝተው ባለ ይዞታውን ከዚህ ስጋት ማላቀቅ ይኖርባቸዋል፤ የአረቦኑ ወጪም ለብዙ ሆቴሎች ሲከፋፈል ይቀላል።

ውሉ ሲጻፍ ስለ ውሻ አንድ አንቀጽ ቢጨመርበት አይከፋም። በዚያ አካባቢ ማልዶ የሮጠ ሁሉ እንደሚያውቀው ጥበቃው ሌሊቱን የፈታውን ውሻ የሚያስረው ፀሐይ ከወጣች በኋላ ነው፤ ሯጩ ግን በዚያ ሰዓት ልምምዱን ጨርሶ ቁርሱን እየበላ ነው።