ድምፅ የሚቀዳው ወደ ታች ብቻ ነው?

በፈረንሳይ ለጋሲዮንና በእንግሊዝ ኤምባሲ መካከል ያደገ ሰው፣ ከእንጦጦ ጫካ የባሕር ዛፍ እንጨት አዝለው፣ ጎንበስ ብለው የሚወርዱትን ሴቶች ያውቃቸዋል። ከእነርሱ አንዷ ጎረቤታችን ነበሩ። እትዬ እንላቸዋለን። ከጋሞ ደጋ የመጡ ናቸው፤ አማርኛ የለመዱት ከጎለመሱ በኋላ ነው። ማታ ሸክማቸውን አራግፈው እኛ ቤት ቴሌቪዥን ሊያዩ ብቅ ይሉ ነበር።

አንድ የበዓል ምሽት ታዲያ አንድ ቀልደኛ ከገጠር የመጣች የቤት ሠራተኛ ድምፅ ይቀዳ ጀመር። «እሱ» ማለት ሲገባት «እሷ» ትላለች፤ ቃሉ ምላሷ ላይ ይሰበራል። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። እትዬም ሳቁ። እኔማ መሬት ላይ ተንከባለልኩ! ከዚያን ምሽት ወዲህ ግን እትዬ ሲናገሩ አፋቸውን በነጠላቸው ጫፍ መሸፈን አመጡ። የጀመሩትን ወሬ በግማሽ ይተዉታል። እኛ ልጆቹ ደግሞ ገና በሩ ላይ ሲደርሱ ያንኑ ቀልድ እየደጋገምን እንቀበላቸው ነበር።

«ቀልድ እኮ ነው፤ ምን ታካብዳለህ?» ይለኝ ይሆናል አንባቢ። ላካብድ።

የሰው ድምፅ መቅዳት ትልቅ ችሎታ ነው። ልመንህ ታደሰና አለባቸው ተካ፣ ደረጀ ኃይሌና ሀብቴ ምትኩ ባይኖሩ ስንቱ ምሽታችን ደረቅ ሆኖ ባለፈ! ጠቤ ከእነርሱ ጋር አይደለም፤ ሙያው ከያዘው ልማድ ጋር ነው። ጥሩ ጆሮ የተሰጠው ልጅ ሁሉ ማንን ይቀዳል? የጉራጌውን ነጋዴ፣ የኦሮሞውን ገበሬ፣ ዘበኛውን፣ ሠራተኛዋን። አማርኛ ሁለተኛ ቋንቋው የሆነ ሰው ሁሉ ለቀልደኛው በሩ የተከፈተ ሱቅ ነው።

እስቲ ደግሞ የማይቀዳውን እንየው። ዓረፍተ ነገሩን ሁሉ በ«ማለት ነው» የሚቋጭ የስብሰባ ሰው አለ። «ክፍተቶች ነበሩ» ሲል ጥፋቱ የማን እንደሆነ አይታወቅም። «በቀጣይ አጠናክረን እንሠራለን» ሲል ሥራው መቼ እንደሚጀመር አይታወቅም። «ከዚህ አኳያ» ይላል፤ ከየትኛው አኳያ እንደሆነ ጠይቆ የተረዳ ሰው ግን አላጋጠመኝም። ጎበዝ! ለመቀዳት ከዚህ የበለጠ የተመቸ ሰው ከየት ይመጣል?

ፍርሃት ነው ትሉኛላችሁ። ልክ ናችሁ። ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም በ1913 ዓ.ም. ገደማ ሹማምንቱን የነቀፉት በአውሬዎች አፍ ነበር፤ እንዲያም ሆኖ «ፋቡላ» ከመታገድ አልዳነም። የመንግሥቱ ኃይለ ማርያምን ድምፅ ሰው በየመሸታ ቤቱ ደፍሮ የቀዳውም በግንቦት 1983 ዓ.ም. ሰውዬው ከሄዱ በኋላ ነው ይሉናል ታላላቆቻችን። ይሁን። ግን ፍርሃት ሹሙን አለመቅዳትን ያስረዳ ይሆናል እንጂ እትዬን መቅዳትን አያስረዳም።

ምኒልክ መሬት ሰጥተው ያስቀመጧቸው ጎረቤቶቻችን እንግሊዞች በአገራቸው ምን ያደርጋሉ? እ.ኤ.አ. በ1998 ጆን ካልሾው የተባለ ድምፅ አስመሳይ ከአንድ የለንደን ሬዲዮ ጣቢያ ወደ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ጽሕፈት ቤት ደወለ። የተቃዋሚውን መሪ የዊልያም ሄግን ድምፅ ቀድቶ ቶኒ ብሌርን በስልክ አገኛቸው። ብሌር ነቁበት፤ ቢሆንም አወሩት። ካልሾው እስር ቤት አልገባም፤ በ2000 በተጀመረው የቢቢሲ ሬዲዮ 4 «ዴድ ሪንገርስ» ላይ መሪዎቹን ሲቀዳ ታወቀ። (እነርሱም ጻድቃን አይደሉም። ታላቁ ፒተር ሴለርስ በ1960 በወጣ ፊልም የሕንዳዊ ሐኪም አነጋገር እየቀዳ ሕዝብ አስቋል። ነገር ግን እዚያ ቅጂው ወደ ላይም ይወጣል።)

ባለፈው ዓመት የካ ውስጥ አንድ ሠርግ ተጠርቼ ነበር። መድረክ መሪው ቀልደኛ ያችኑ የድሮዋን ሠራተኛ አወጣት። ከፊት ጠረጴዛ የተቀመጠ አንድ የአካባቢ ሹም ከሁሉ አብልጦ ይስቃል። አንዲት ትሪ የያዘች አስተናጋጅ አንገቷን ደፍታ አለፈች። ቀልደኛው ለእረፍት ሲወጣ ኮሪደር ላይ አገኘሁትና፣

«ወንድሜ፣ ሰውዬውን ለምን አትቀዳውም?» አልኩት።

ግራና ቀኝ አየ። በሩን ገፋ አድርጎ ዘጋው። ከዚያም ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ከዚህ አኳያ…» ብሎ ጀመረ። ሰውዬው ራሱ ነው! ጉሮሮ መጥረጉ፣ መነጽሩን ከፍ ማድረጉ፣ «ማለት ነው» ከማለቱ በፊት የሚወስዳት ትንፋሽ ሳትቀር! ግድግዳ ይዤ ሳቅሁ።

ከአዳራሹ ስሙ ተጠራ። ክራቫቱን አስተካክሎ ገባና ሠራተኛዋን ካቆመባት ቀጠለ።