ከፒክአፕ ደረት በታች የተሰቀለው የአየር ግድብ

በሚኒያፖሊስና በሴንት ፖል መንትያ ከተሞች የበረዶው ወራት በቀረበ ቁጥር በፒክአፕ ባለቤቶች ዘንድ አንድ የቆየ ጥያቄ ይነሳል፦ ከፊት ፓራውልቱ ግርጌ ወደ መሬት የተንጠለጠለው ጥቁር ፕላስቲክ ይፈታ ወይስ ይተው? በእንግሊዝኛ «ኤር ዳም» ይባላል፤ የአየር ግድብ ማለት ነው። የከተማው በረዶ ጠራጊ መኪና በየደጃፉ ገፍቶ የተወውን ክምር ጥሶ በሌሊት ወደ ሥራ መውጣት ያለበት ሰው፣ ጥያቄውን የሚመልሰው አብዛኛውን ጊዜ በንዴት ነው። ፕላስቲኩ በበጋ የመንገድ ጠርዝ ቢነካው ታጥፎ ይመለሳል፤ በብርድ ከደረቀ በኋላ ግን የረጋ በረዶ ሲያገኘው ይሰነጠቃል፣ አንዳንዴም ማሰሪያውን ይዞ ይገነጠላል። ከፊት የበረዶ መግፊያ ምላጭ ለሚገጥም ባለቤት ደግሞ ቦታ የሚሻማ ዕቃ ነው።

ለበረዶው ወራት መፍታቱ ተገቢ ነው። ፈትቶ መጣሉ ግን ዋጋው ሐምሌ ላይ የሚከፈል ስሕተት ነው።

ይህን ለመረዳት አየሩ ከመኪናው በታች ምን እንደሚያደርግ ማየት ያሻል። የፒክአፕ ሆድ ለስላሳ አይደለም፤ ሻንሲው፣ አክስሉ፣ የጭስ ማውጫው ቱቦ፣ የሞተሩ ግርጌ ሁሉ የተጋለጡ ናቸው። ወደዚያ የገባ አየር በየመሰናክሉ እየተጋጨ መኪናውን ወደ ኋላ ይጎትታል። ግድቡ የሚሠራው ይህን አየር ከመግባቱ በፊት ወደ ጎን መመለስ ነው። የአየር ግፊያ የሚያድገው በፍጥነት ካሬ ልክ ነውና ከ50 ወደ 100 ኪሎ ሜትር በሰዓት የፈጠነ መኪና የሚገጥመው ግፊያ አራት እጥፍ ነው። ስለዚህ በሴንት ፖል የመኖሪያ ሰፈሮች ውስጥ በዝግታ ለሚዞር ሰው ግድቡ ኖረ አልኖረ ልዩነቱ እዚህ ግባ የሚባል አይደለም፤ ሁለቱን ከተሞች በሚያገናኘው ኢንተርስቴት 94 በሙሉ ፍጥነት ለሚመላለስ ግን ይቆጠራል።

የነዳጁ ሒሳብ እንደሚወራው አስፈሪ አይደለም። ለስሌት ያህል ግድቡ የአየር ግፊያን በ4 በመቶ ይቀንሳል ቢባልና በአውራ ጎዳና ላይ ከሚወጣው ጉልበት ግማሽ ያህሉ ለአየር የሚውል ቢሆን፣ ቁጠባው 2 በመቶ ነው። በ100 ኪሎ ሜትር 12 ሊትር የሚፈጅ ፒክአፕ በዓመት 20 ሺህ ኪሎ ሜትር ቢነዳ 48 ሊትር ይሆናል፤ የትልቅ ፒክአፕ ግማሽ ታንከር ግድም ነው። ለአንድ ቤተሰብ ትንሽ ነው። በ2023 በአሜሪካ ብቻ ከ700 ሺህ በላይ የኤፍ ተከታታይ መኪናዎችን ለሸጠው ፎርድ ግን፣ በዚያው ስሌት በዓመት ከ33 ሚሊዮን ሊትር ያልፋል። አምራቾች ለዚህች ርካሽ ፕላስቲክ ይህን ያህል የሚጨነቁበት ምክንያት እዚህ ላይ ነው። ከ1975ቱ ሕግ ወዲህ የሚሸጧቸው መኪናዎች አማካይ የነዳጅ ፍጆታ በመንግሥት ይመዘናል፤ ምዘናው የሚነሳው ደግሞ መኪናው በደረቅና በሜዳ መንገድ ላይ ማርሹ ወጥቶ በራሱ እየተንከባለለ ከሚዘገይበት ሙከራ ነው። የጥር ወር የሚኒያፖሊስ ጎዳና በዚያ ሙከራ ውስጥ የለም። የግድቡ ቁመት ለደረቁ መንገድ ተሰፍቶ፣ ስብራቱ ግን ለበረዶው ከተማ ነዋሪ መድረሱ ፍትሐዊ አይመስልም።

ከነዳጁ ይልቅ ሊታሰብበት የሚገባው የሞተሩ ሙቀት ነው። በፊት ለፊቱ ፍርግርግ ገብቶ ራዲያተሩን ያቀዘቀዘ አየር መውጫ ያስፈልገዋል፤ መውጫውም በሞተሩ ሥር ነው። ግድቡ ከኋላው ዝቅተኛ ግፊት ስለሚፈጥር የሞቀውን አየር ወደ ታች ይስበዋል። ግድቡ ሲነሳ ከታች የሚገባው አየር መውጫውን ያጨናንቀዋል። የአንዳንድ ዓመታት የሼቭሮሌ ሲልቨራዶ የባለቤት መመሪያ ከመንገድ ውጭ ለመንዳት ግድቡን መፍታት እንደሚቻል ገልጾ፣ ያለ እሱ ለረጅም ጊዜ መንዳት ወደ ሞተሩ የሚሄደውን አየር እንደሚያዛባና መልሶ መግጠም እንደሚገባ የሚያስጠነቅቀው ለዚህ ነው። በጥር ብርድ ይህ አያሳስብም። በሐምሌ ሙቀት ጀልባ እየጎተቱ ከዱሉት በኢንተርስቴት 35 ሽቅብ ወደ መንትያ ከተሞቹ ሲመለሱ ግን የሙቀት መርፌው ቢወጣ ማመካኛ የለም። በአንጻሩ ከዓባይ በረሃ ወደ ደጀን እንደሚወጣው ባለ ዘገምተኛ ዳገት ላይ ዋናውን ሥራ የሚሠራው የራዲያተሩ ቬንትሌተር እንጂ ግድቡ አይደለም።

የአገር ቤቱ ንጽጽር ሌላም ነገር ያሳያል። ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ ሴልሺየስ ላይ ያለ የሚኒያፖሊስ አየር ከባድ ነው፤ ከ2 ሺህ 300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ባለችው አዲስ አበባ በ20 ዲግሪ ያለው አየር ከእሱ በአንድ ሦስተኛ ያህል ይቀልላል። እንግዲህ ግፊያው የሚብሰው፣ ግድቡም ነዳጅ ለመቆጠብ ይበልጥ የሚጠቅመው፣ በረዶው በሚሰብረው በዚያው ወቅት መሆኑ ነው! ቢሆንም በረዶ በተከመረበት ሳምንት ማንም በሙሉ ፍጥነት አይነዳምና ሚዛኑ ወደ መፍታቱ ያደላል።

ሴንት ፖል ለፒክአፕ እንግዳ አይደለችም። በሃይላንድ ፓርክ የነበረው የፎርድ ፋብሪካ ከ1925 ጀምሮ ሠርቶ የመጨረሻዋን ሬንጀር ፒክአፕ ያወጣው በታኅሣሥ 16 ቀን 2011 እ.ኤ.አ. ነው። ከጎኑ በሚሲሲፒ ወንዝ ላይ የቆመው እውነተኛው ግድብ ለፋብሪካው ኤሌክትሪክ ያመነጭ ነበር።

መፍትሔው በአምራቾች እጅ አለ። የ2019ኙ ራም 1500 ፍጥነቱ ወደ 56 ኪሎ ሜትር በሰዓት ሲደርስ ግድቡን 6 ሴንቲ ሜትር ያህል ዝቅ የሚያደርግ፣ በዝግታ ሲነዳም የሚሰበስብ ሥርዓት ይዞ ቀርቧል። ይህ ግን የራሱ ሞተርና ሽቦ ስላለው እንደ ተራው ፕላስቲክ በመፍቻ ብቻ የሚነሳ አይደለም፤ ሲበላሽም ውድ ነው። ለበረዶ አገር ገዢ ከዚህ ይልቅ ያለ መሣሪያ በእጅ የሚወልቅና የሚገጠም ግድብ ቢቀርብለት ይሻላል። እስከዚያው የመንገዱ ጨው ብሎኖቹን በዝገት ሳይቆልፋቸው በመከር ፈትቶ፣ ብሎኖቹን ከነማሰሪያቸው በአንድ ከረጢት ግድቡ ላይ አስሮ ጋራዥ ማኖር፣ በረዶው ሲቀልጥም ግራሶ ቀብቶ መመለስ የግማሽ ሰዓት ሥራ ነው።