የቤቱን ልሳን ስለሚያባርሩ ወላጆች

በዘንድሮው የአሸንዳ ሰሞን፣ በመቐለ ከተማ በዓዲ ሓቂ፣ ከፈረንሳይ አገር ለመጣ ዘመድ በተሰናዳ ግብዣ ላይ፣ እንግዳው በማዕዱ ዙሪያ ለተቀመጥነው ሁሉ የሰጠው ምክር እስከ ዛሬ ድረስ ያስቆጣኛል። ልጆቹ ልሳነ ፈረንሳይን ፈጥነው ይጨብጡ ዘንድ፣ እርሱና ባለቤቱም አብረዋቸው ይለምዱ ዘንድ፣ ትግርኛ በቤታቸው ውስጥ እንዳይነገር መከልከላቸውን በኩራት ከነገረን በኋላ፣ ወደዚያው ለመሄድ ወረቀታቸውን ለሚጠባበቁ ባልና ሚስት «እናንተም ከአሁኑ ጀምሩ፤ ስልኩንም፣ ቴሌቪዥኑንም፣ የራቱንም ጨዋታ ፈረንሳይኛ አድርጉት» ብሎ አዘዛቸው። ከተቀመጡት ብዙዎቹ ምክሩን በአድናቆት ተቀበሉት።

እኔ የምጠይቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ በዚያ ቤት ፈረንሳይኛውን የሚናገረው ማን ነው? አባትየው ከሥራ ባልንጀሮቹ የለቃቀመውን፣ እናቲቱም በገበያና በሐኪም ቤት ደጃፍ የያዘችውን ጥቂት ቃል ይዘው፣ ልጅን ለመገሠጽ፣ ለማጽናናት፣ ስለ አያቶቹ ለመተረክ፣ ስለ እግዚአብሔር ለማስተማር ሲነሡ፣ አንደበታቸው በየዐረፍተ ነገሩ መካከል ይያዛል። ልጁ በትምህርት ቤቱ ከመምህራኑና ከጓደኞቹ ቀኑን ሙሉ የጠራ ፈረንሳይኛ ሲሰማ ውሎ፣ ማታ ከወላጆቹ የሚቀበለው የተሰባበረ ፈረንሳይኛ ምን ይጨምርለታል? መንገዱም፣ ሱቁም፣ ትምህርት ቤቱም በፈረንሳይኛ በተሞላበት አገር፣ ትግርኛ የቀረው ማደሪያ ያ አንድ ቤት ነው፤ እርሱንም ዘጉበት።

የዚህ ዘዴ አወዳሾች ዘወትር ካናዳን ይጠራሉ። ይጥሩ እንጂ፣ በዚያ የተደረገውን በሙሉ ይንገሩን! እ.ኤ.አ. በ1965 በኩቤክ ግዛት፣ በሞንትሪያል አጠገብ በምትገኘው በሴንት ላምበርት፣ እንግሊዝኛ ተናጋሪ ወላጆች ልጆቻቸው ከሕፃናት ክፍል ጀምሮ በፈረንሳይኛ ብቻ እንዲማሩ አስደረጉ። ያስተማሩት ግን ፈረንሳይኛን እንደ አፍ መፍቻ የሚናገሩ መምህራን ነበሩ፤ የልጆቹም ቤት እንደ ቀድሞው እንግሊዝኛ እንደ ሆነ ቀረ፤ ከሁለተኛ ክፍል ጀምሮም የእንግሊዝኛ ንባብ በትምህርት ቤቱ ተጨመረላቸው። የማክጊል ዩኒቨርሲቲው ዋላስ ላምበርትና ባልደረባው ሪቻርድ ታከር እነዚህን ልጆች ለዓመታት ተከታትለው የመሰከሩት፣ ፈረንሳይኛቸው በተለመደው መንገድ ከተማሩት እጅግ እንደ በለጠና እንግሊዝኛቸውም ምንም እንዳልተጎዳ ነው። እንግዲህ ኃይሉ በሚያውቀው መምህር ዘንድ ነበረ፤ የቤቱን ልሳን የነካው አልነበረም።

ካናዳ ድረስ መሄድስ ለምን ያስፈልጋል? በዚህችው በትግራይ ምድር፣ ስንት ትውልድ ሙሉ፣ እናቱ አንድ የግዕዝ ቃል ተናግራ የማታውቅ ልጅ ፊደል ቈጥሮ፣ ዳዊት ደግሞ፣ ከቅኔ ቤት ገብቶ፣ ከመምህሩ እግር ሥር ተቀምጦ ግዕዝን እስኪቀኝበት ድረስ ተምሯል። ወላጆቹ ለዚህ ሲሉ ትግርኛቸውን አልጣሉም፤ ለልጃቸው የፈለጉለት መምህር ነበረ። ፈረንሳይኛም ቢሆን ወደ አገራችን የገባው በዚሁ ሥርዓት ነው። እ.ኤ.አ. በ1908 በአዲስ አበባ በተከፈተው የዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት ያስተማሩት ከግብፅ የመጡ መምህራን ነበሩ። በኋላ ንጉሠ ነገሥት የሆኑት ተፈሪ መኰንን በሐረር ከአባ ሳሙኤልና ከጓዴሎፑ ሐኪም ከዶክተር ቪታሊየን ፈረንሳይኛን የተማሩት የአባታቸው ቤት አማርኛ እንደ ተናገረ ነው፤ ያን ያህል ፈረንሳይኛ እያወቁም፣ እ.ኤ.አ. ሰኔ 30 ቀን 1936 በጄኔቭ በመንግሥታት ማኅበር ፊት ቆመው የአገራቸውን በደል ያሰሙት በአማርኛ ነበር።

የእንግዳው ሴት ልጅ በዚያን ቀን ሹሩባዋን ተሠርታ፣ ጥልፍ ቀሚሷን ለብሳ፣ አሸንዳዋን በወገቧ ታጥቃ ከመንደሩ ልጃገረዶች መካከል ቆማ ነበር። ከሚዘፈነው አንዲት ቃል አታውቅም። አያቷ አቅፋ ስለ ጤናዋ ስትጠይቃት፣ መልሱን አባትየው ተረጐመ። አንዲት ባልቴት የገዛ የልጅ ልጇን በአስተርጓሚ እንድታነጋግር ያደረገ ዘዴ፣ የትምህርት ዘዴ ተብሎ ሊመከር እንዴት ይደፈራል? ልጅቱ ደግሞ ምንም ጥፋት የለባትም፤ አላስተማሯትም።

ምክሩ በመቐለ መሰጠቱ ደግሞ ቍጣዬን ያባብሰዋል። የዚህች ከተማ ሕፃናት በኮሮና ወረርሽኝ፣ ከዚያም በጦርነቱ ምክንያት፣ የትምህርት ቤታቸው ደጅ ለዓመታት ተዘግቶባቸው የቆዩ ናቸው። እስከ ስምንተኛ ክፍል የሚማሩት በትግርኛ ነውና፣ ያ ዘመን የወሰደባቸው ከሁሉ አስቀድሞ የትግርኛ ንባባቸውንና ጽሕፈታቸውን ነው። በገዛ ልሳኑ አንድ ገጽ በቅጡ ለማንበብ ገና የሚታገል ልጅ፣ ወላጆቹ ጨርሰው በማያውቁት ፈረንሳይኛ ራት እንዲበላ ሲታዘዝ፣ በዚያ ማዕድ ላይ የሚነግሠው ዝምታ ብቻ ነው።

ወረቀታቸውን የሚጠባበቁት ባልና ሚስት እኔንም ይሰሙኝ ዘንድ እለምናለሁ። ፈረንሳይኛን ለመማር መጓጓታቸው የተገባ ነው፤ እዚህ ሳሉ ከሚያውቅ ሰው ዘንድ ሄደው ይጀምሩ፤ ከደረሱም በኋላ በዚያ አገር ለአዲስ ገቢዎች በሚሰጠው ትምህርት፣ ከሥራ መልስ ደክሟቸውም ቢሆን፣ ሳያቋርጡ ይማሩ። ስልካቸውንም ቴሌቪዥናቸውንም እንደ ወደዱ ያድርጉት። ለልጃቸው ግን የትግርኛ መጽሐፍ ገዝተው ይሂዱ፤ በየማታውም አስቀምጠው ያስነብቡት።