ለወፎች ጌጥ ብቻ አይበቃም
በየግቢያችን ቀለም የተቀባ ቅልና የሸክላ ሳህን ሰቅሎ ለወፍ እህል ማስቀመጥ እየተለመደ መምጣቱ እሰየው የሚያሰኝ ነው። ድንቢጡና ርግቡ ማለዳ ሲንጫጩ ማን የማይደሰት አለ? ታዲያ በጌጡ ተማርከን ጽዳቱን እንዳንረሳ። በዝናብ የራሰ እህል ይሻግታል፤ ኩስ የነካው ውኃም በሽታን ከአንዱ ወፍ ወደ ሌላው ያስተላልፋል። መሬት ላይ የሚያድረው ፍርፋሪ ደግሞ አይጥ ይጠራል።

ስለዚህ የዕለቱን ያህል ብቻ እናስቀምጥ፤ ውኃውን ጧት ጧት እንለውጥ፤ ዕቃውን ቢያንስ በሳምንት 1 ጊዜ አጥበን በፀሐይ እናድርቅ፤ ድመት ዘላ ከማትደርስበት እንስቀል። አበባ የምትቀስመዋ ወፍ እህል አትሻምና ለእርሷ ሬት እንትከልላት።

ወላጆችም የልጆቻችሁን ወንጭፍ ሰብስቡ። እንግዳን ጠርቶ መደብደብ ነውር ነው!