«አማረኝ» የማለት መብት

የአየር ንብረት ለውጥ ሲነሳ የእኛ የከተማ ልጆች ወሬ ሁልጊዜ ስለ «ወደፊት» ነው። ምድር ትግላለች፣ ውሃ ይጠፋል፣ ምግብም በራሽን ይታደላል... ጎበዝ፣ ላይ ጋይንት፣ ታች ጋይንትና ስማዳ ይህ «ወደፊት» ከገባ ቆየ እኮ! በልጉ ይቀራል፤ ክረምቱ ዘግይቶ ይገባና ቸኩሎ ይወጣል፤ አፈሩን ጎርፍ ወስዶታል። ራሽኑም አለ።

ሴፍቲኔት በ1997 ዓ.ም. ሲጀመር ሂሳቡ ግልጽ ነበር። እርከን ሲሠሩ ወይም መንገድ ሲጠርጉ ለዋሉበት ቀን 3 ኪሎ እህል ወይም ዋጋው በብር ይከፈላል። ለአንድ ሰው በወር 5 ቀን፣ በዓመት 6 ወር። በወር 15 ኪሎ መሆኑ ነው። 15 ኪሎ ነፍስ ያቆያል፤ አንንቀውም። ግን ኪሎ የሚቆጥር ሁሉ አንድ ነገር ዘሎ ያልፋል፤ የራበው ሰውም ያምረዋል።

«ያላዩት አገር አይናፍቅም» ይባላል። እዚህ ላይ ተረቱ አይሠራም። ከእነዚህ ወረዳዎች ጎን ያለው የእስቴ ገበሬ ጤፍን ያውቀዋል፤ ያመረተው ራሱ ነው። ቅቤውንም እንቁላሉንም ገበያ የሚያወጣው እሱ ነው። ጤፉን ሸጦ ለቤቱ ረከስ ያለ እህል የሚገዛው ስለማያምረው አይደለም፤ የማዳበሪያ ዕዳና የልጅ ደብተር ስላለበት ነው። እኛ ያንኑ ጤፍ «ማኛ ካልሆነ» እንላለን፤ ባህር ማዶ ደግሞ ግሉተን የለውም ተብሎ የጤና ምግብ ሆኗል። እኛ ለመክሳት እራት እንዘላለን። እዚያም እራት ይዘለላል፤ የኛው በፈቃዳችን ነው እንጂ።

ብር ሲሰጥ ተቀባዩ የፈለገውን ይገዛል ተብሎ ነበር። በ2000 ዓ.ም. የእህል ዋጋ ሲንር ግን ብር ይቀበሉ ከነበሩት ብዙዎቹ እህሉን መረጡ፤ ገበያው ምርጫቸውን በላው። በሰኔ 2015 ዓ.ም. ደግሞ የእርዳታ እህል ይዘረፋል ተብሎ አሜሪካና የዓለም ምግብ ፕሮግራም በመላ አገሪቱ ማደሉን አቆሙ። የዘራፊዎቹን ጾም የጾሙት ያልዘረፉት ናቸው።

ስለዚህ መጪው ዘመን ምግብ ከሁሉም እኩል የሚጠፋበት አይመስለንም። የሚመርጥና የሚመረጥለት የሚለያዩበት ነው። ሰማዩን ያሞቀው የጋይንት ገበሬ አይደለም፤ ቢያንስ ክፍያው ከገበያ ዋጋ ጋር ይራመድ፣ ብር ይሁን እህል የሚለውንም ተቀባዩ ራሱ ይወስን።

«ተረጂ ምን ያማርጣል? ይሄ ቅንጦት ነው» የሚል ካለ፣ ትናንት ምሳውን ስንት ቤት ዞሮ እንደመረጠ ያስታውስ።